የሁለተኛው ሊስታ አራተኛ ዕጩ

ዘርፈሽዋል ሀብተሚካኤል አልተመረጠችም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው በአርባዋ ዕለት ጸሎቱ ካበቃ በኋላ የተነሡ አንድ ተናጋሪ «በጣሊያን ትምህርት ቤት ምክር ቤት ተመርጣ ሦስት ዓመት ያገለገለች እኅታችን» ሲሉ ስለሰማሁ ነው። ሰዉ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ልጇ ማርያ አብራ ነቀነቀች። ለቅሶ ላይ ሰው አይታረምምና ዝም አልኩ። ነገር ግን ተደጋግሞ የተነገረ ስሕተት ጥቂት ዓመት ሲቆይ ማስረጃ ይሆናል። መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ተመርጣ ቢሆን ኖሮ የእሷም የልጇም ሕይወት ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነው አስቀምጣለሁ።

የተወለደችው በ1936 ዓ.ም. ወልድያ አጠገብ ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቷ አዲስ አበባ መጥታ ካዛንቺስ ጋራዥ ከነበረው አንድ ጣሊያናዊ ቤት ተቀጠረች። በ1967 ጋራዡ ሲወረስ ቤተሰቡ ጠቅልሎ ወደ ሮም ተመለሰ፤ እሷንም ይዘዋት መጡ። እዚህ «ፊሳ» ሆነች፤ ማለት እዚያው እያደረች ሠራች። ማርያ በ1968 ተወለደች። አባትየው ተማሪ ነበር። አገሬን ላገልግል ብሎ በ1969 ተመለሰ፤ የመጨረሻ ደብዳቤው የተጻፈው ጥቅምት 1970 ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ የማውቀው የለም፤ የማላውቀውንም አልጽፍም።

ፊሳ የሆነች ሴት ልጅ ይዛ ማደር አይፈቀድላትም ነበር። ማርያ በአሥራ አንድ ወሯ ከሮም ውጭ ኮረብታ ላይ ወዳለ ኮሌጆ ገባች። ኮሌጆ የሚባለው መነኮሳት የሚያስተዳድሩት የልጆች አዳሪ ቤት ነው። እናትየዋ እሑድ እሑድ በአውቶቡስ እየሄደች ጠይቃት ትመለስ ነበር። አንድ እሑድ ልጅቷ በሩ ላይ ስታያት ዞር ብላ ሮጠችና የወጥ ቤቷን መነኩሲት ቀሚስ ያዘች። ዘርፈሽዋል ይህን የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅኋትም።

በ1974 ፊሳነቱን ትታ ቶር ፒኛታራ በሚባል የሮም ሠፈር አንዲት ክፍል ተከራየች፤ ስድስት ዓመት የሞላትን ልጇንም ከኮሌጆ አወጣች። ለማውጣት ግን በማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ አንድ ወረቀት ፈርማለች። ቅጂው እኔ ዘንድ አለ። «ልጅቷን አዋቂ ሰው በሌለበት አልተዋትም» ይላል፤ ብትተዋት ልጅቷ ወደ ኮሌጆ ትመለሳለች። ጠዋት ጠዋት የሰው ቤት በሰዓት ታጸዳ ነበር፤ ሰኞና ረቡዕ የኔን ቤት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከሐሙስ በቀር በየቀኑ ፕራቲ ሠፈር ያሉ አንዲት አሮጊት ጋ ትውላለች። ፔርሜሶዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ የሚታደሰው በእሳቸው ፊርማ ነበርና ያንን ሥራ መተው አይታሰብም። አሮጊቷ ደግሞ ሳንባቸውን ስለሚያማቸው ሕፃን ወደ ቤታቸው እንዳይገባ ሐኪም ከልክሏል።

ትምህርት የሚያበቃው በቀን ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። ከዚያ እስከ አሥራ አንድ ተኩል ልጆቹ በትምህርት ቤቱ ምድር ቤት ሁለት ክፍሎች ውስጥ ይቆያሉ፤ ምሳ ይበላሉ፣ የቤት ሥራ ይሠራሉ። ይህን ዶፖስኩዎላ ይሉታል። ዘርፈሽዋል በካዚሊና መንገድ በሚመጣው ትሬኒኖ በሚሉት ትንሽ ባቡር ተሳፍራ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ በሩ ላይ ትደርሳለች። አሥር ደቂቃ ትርፍ ነበራት። ኑሮዋ የቆመው በእነዚያ ሁለት ክፍሎችና በዚያች አሥር ደቂቃ ላይ ነበር።

በ1977 መጀመሪያ ክፍሎቹን የሚፈልግ ሌላ ሰው መጣ። ትምህርት ቤቱ ሞልቶ ሦስት ክፍል ልጆች በፈረቃ ከሰዓት በኋላ ይማሩ ነበር፤ ክረምት ሲሆን በጨለማ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ወላጆቻቸው «ዶፖስኩዎላው ይዘጋና ልጆቻችን በነዚያ ክፍሎች ጠዋት ይማሩ» አሉ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ልጅ በጨለማ ሲመጣ ማን ደስ ይለዋል? የሚወስነው አዲስ የሚመረጠው የትምህርት ቤቱ ምክር ቤት ነበር። ምክር ቤቱ አሥራ ዘጠኝ ሰው ነው፤ ስምንቱን ወላጆች ከራሳቸው መካከል ይመርጣሉ። ሁለት የወላጆች ሊስታ፣ ማለት የዕጩዎች ዝርዝር፣ ቀረበ። አንደኛው ይዘጋ የሚል፣ ሁለተኛው አይዘጋ የሚል።

የማርያ መምህርት ማኤስትራ ኦርኔላ ዘርፈሽዋልን በር ላይ ጠብቃ በሁለተኛው ሊስታ እንድትገባ ለመነቻት። በማግስቱ ረቡዕ ነበር፤ እኔ ቤት መጥታ መጥረጊያውን ግድግዳ አስደግፋ ቆመች።

«ጋሽ አምኃ፣ ስሜን ግድግዳ ላይ ሊለጥፉት ነው።»

«ምን አድርገሽ?»

«ምንም። ልወዳደር ነው።»

ደስ አለኝና ሕጉን አውጥቼ አነበብኩላት። ልጁ በትምህርት ቤቱ የሚማር ማንኛውም ወላጅ፣ የውጭ አገር ሰውም ቢሆን፣ ሊመርጥም ሊመረጥም ይችላል።

«ሕጉን አይደለም የጠየቅሁዎት» አለችኝ። «እኔ ስም ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ደግ ነገር ሲያመጣ አላየሁም። ደግሞስ ኤምባሲ ቢሰሙ? ፓስፖርቴን የማሳድሰው ሚያዝያ ላይ ነው።»

«ኤምባሲው የቶር ፒኛታራን ትምህርት ቤት ምን አግብቶት?»

«የማያገባቸው ነገር አለ እንዴ?»

መጥረጊያውን አነሣች፤ ሳሎኑን ጠርጋ ጨረሰች። ስትወጣ በሩ ላይ ዞር ብላ «ኮሌጆ ከምትመለስብኝስ ግድግዳው ይሻላል» አለች። በዚያው ቀን ፈረመች።

ኅዳር 1 ቀን ሊስታዎቹ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጠፉ። በሁለተኛው ሊስታ ስድስት ስም አለ፤ አራተኛው የእሷ ነው፤ የትውልድ ቦታዋና ቀኗ ሳይቀር። ሐሙስ ኅዳር 6 የዕጩዎች ስብሰባ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የቤት ሠራተኞች ሁሉ ዕረፍት ስለሆነ አብሬያት ሄድኩ። በምሳ አዳራሹ በልጆች ወንበር ላይ ተቀመጥን።

ያ ወር የወሎ ረሃብ በየምሽቱ በቴሌቪዥን የሚታይበት ነበር። ተራዋ ደርሶ ስትነሣ አዳራሹ ገና ሳትናገር አጨበጨበላት። ከፊት የተቀመጡ አንዲት ሴት ተነሥተው በፕላስቲክ ከረጢት የታሰረ የልጅ ልብስ ሰጧት።

«ለአገርሽ ልጆች ነው» አሏት። «እስቲ ስለዚያ ንገሪን። ዘመዶችሽ እዚያ ናቸው?»

ነበሩ። የእናቷ ወገኖች ከወልድያ ወጣ ብሎ ነው የሚኖሩት፤ ከሰባት ወር በላይ ደብዳቤ አልመጣም። ዘርፈሽዋል ከረጢቱን ታቅፋ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።

«አመሰግናለሁ፣ ሲኞራ። ልብሱን ለቄሱ እሰጣለሁ፤ እሳቸው የሚልኩበትን ያውቃሉ» አለች። «እኔ ግን የመጣሁት ስለ ሁለቱ ክፍሎች ልናገር ነው። እዚያ ውስጥ የሚቆዩት ልጆች አርባ ሦስት ናቸው። እናቶቻቸው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይሠራሉ። አንዳንዶቻችሁ ቤት የምንሠራው እኛ ነን። እናንተ ከሥራ ስትመለሱ ልጃችሁን የሚቀበለው የማን እጅ ነው? የኔ ልጅስ?»

ጭብጨባው ከበፊቱ አነሰ። ሴትዮዋ ቅር አላቸው። በሊስታችን ሦስተኛ ዕጩ የነበረው ታክሲ ነጂ ግን ጮክ ብሎ «ብራቫ» አላት። በመንገድ ላይ ስለ ረሃቡ ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኋት።

«የእናቴን አገር በዚህች ጣሊያንኛዬ እንዴት አድርጌ ልናገረው? ክፍሎቹን ግን ቻልኳቸው» አለችኝ። ደክሟት ነበር፤ ፌርማታው ላይ ቆማ ዓይኗን ጨፈነች።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በጥንቃቄ መጻፍ አለብኝ።

በዚያ ትምህርት ቤት ልጅ የነበራቸው የአገራችን ወላጆች፣ እሷን ጨምሮ፣ አሥራ አንድ ነበሩ። የስማቸውን ዝርዝር ከትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ወስጄ ቆጥሬያለሁ። ሐሙስ ኅዳር 13 ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ባለው አደባባይ ተሰብስበው ነበር። ዘርፈሽዋልና እኔ ስንደርስ እልፍነሽ በእልልታ ተቀበለችን። እልፍነሽ ካዛንቺስ ቀበሌ ኖራ በ1974 የመጣች፣ አፏ የተሳለ፣ ልቧ ደግ ሴት ናት፤ አምስተኛ ክፍል የሚማር ልጅ አላት።

«ሹመት ያዳብር!» አለች። «ሲኞራ ኮንሲሊዬራ! የምክር ቤት አባላችን! እንግዲህ ሰላምታችንንም በጸሐፊ በኩል ትቀበይና!»

«ተይኝ እባክሽ» አለች ዘርፈሽዋል።

«ምን እተውሻለሁ! በዓይኔ አይቼዋለሁ። ስምሽ ማኅተም ተመትቶበት በሩ ላይ ተለጥፏል።»

«ከንቲባም ስትሆኝ እንዳትረሺን» አለች ከሴቶቹ አንዷ አበራሽ። ሌሎቹም እየተነሡ ሳሟት። ዘርፈሽዋል አፍራ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ዕጩ ስለሆነች የሚያከብሯት መሰላት። እሑድ መጥታችሁ ምረጡኝ አላለችም፤ እኔን ምረጡኝ ማለት ራስን ማሞገስ ነው፣ ነውር ነው። እኔም አጠገቧ ቆሜ ስለ ምርጫው ቀን አንድ ቃል አልተናገርኩም። ሕጉን ከነአንቀጹ የማውቀው እኔ ነበርኩ። የታወቀ ነገር መስሎኝ ነው።

ምርጫው እሑድ ኅዳር 16 ከጠዋቱ ሁለት እስከ ስድስት ሰዓት፣ ሰኞም እስከ ሰባት ተኩል ነበር። እሑዱ ኪዳነ ምሕረት ዋለ። ሴቶቹ ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ ወዳለው ቅዱስ እስጢፋኖስ ሄዱ፤ ቤቱ የካቶሊክ ቢሆንም ግዕዙ የእኛው ነው። ከቅዳሴ በኋላ ዝክር ነበረ። ሰኞ ሁሉም ሥራ ላይ ነበሩ። ከአሥራ አንዱ ወላጆች ድምፅ የሰጡት ዘርፈሽዋልና አንድ ሌላ አባት ብቻ ናቸው።

ሁለተኛው ሊስታ ሦስት መቀመጫ አገኘ። ሦስተኛ የወጣው ታክሲ ነጂው ነው፤ ሠላሳ ሦስት ድምፅ። ዘርፈሽዋል ሃያ ሰባት አገኘች። የቀሩት ዘጠኝ ናቸው። መደመሩን ለአንባቢ እተዋለሁ፤ እኔ ብዙ ጊዜ ደምሬዋለሁ።

በሚቀጥለው ሐሙስ እልፍነሽ አደባባዩ ላይ ገና ከሩቅ «እህ፣ ወንበሩ ይመቻል?» ብላ ተጣራች።

«የምን ወንበር?» አለች ዘርፈሽዋል። «አልተመረጥኩም እኮ።»

«ትቀልጃለሽ።»

«በስድስት ድምፅ ቀረሁ። ምነው እሑድ ሳትመጡ ቀራችሁ? ኪዳነ ምሕረት ስለሆነ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

«የት ነው የምንመጣው? ስምሽ ተለጥፎ የለም እንዴ!»

«የተለጠፈው የሚወዳደሩት ስም ነው።»

እልፍነሽ ወደኔ ዞራ «ጋሽ አምኃ፣ እውነቷን ነው?» አለችኝ። ነው አልኳት።

«እኛ ቀበሌ እኮ...» አለችና ተቀመጠች። «እኛ ቀበሌ ዝርዝሩ ሲለጠፍ አልቋል ማለት ነው። የሚጠሩን ለማጨብጨብ ነበር። እዚህ ደግሞ አጨብጭቡም ስላላሉን ሥልጡን ናቸው ብዬ ደስ ብሎኝ... አይ እኔ! አይ እኔን አፈር ያስበላኝ!»

አበራሽ ማልቀስ ጀመረች። ዘርፈሽዋል አጠገቧ ቁጭ ብላ ጀርባዋን ትዳብሳት ነበር። ተሸናፊዋ እሷ ሆና አጽናኝዋም እሷ ሆነች።

«ታክሲ ነጂው የኛው ሊስታ ነው» አለች። «እሱ ይናገርልናል።»

እኔም ይህንኑ ተስፋ አድርጌ ነበር። ምክር ቤቱ ማክሰኞ ጥር 7 ተሰበሰበ። የቃለ ጉባኤውን ቅጂ አይቻለሁ። በታኅሣሥ የታክሲ ነጂው ታናሽ ልጅ ወደ ከሰዓቱ ፈረቃ ተዛውሮ ነበር። ድምፅ ሲሰጥ ታክሲ ነጂው ይዘጋ ከሚሉት ጋር እጁን አነሣ። አሥር ለዘጠኝ። ዶፖስኩዎላው ከጥር መጨረሻ ጀምሮ እንዲዘጋ ተወሰነ። በሱ ቦታ ዘርፈሽዋል ብትቀመጥ ቁጥሩ ይገለበጥ ነበር። ሰውየውን ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ አግኝቼዋለሁ፤ «ልጄ ነው፣ ምን ላድርግ?» አለኝ። እሱም ልክ ነው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሴቶቹ ሁሉ የዘርፈሽዋልን ክፍል ሞሉት። አልጋው ላይም፣ መሬቱም ላይ ተቀመጡ። ማርያ መስኮቱ ሥር የቤት ሥራዋን ትጽፋለች። እልፍነሽ ከዚያች ቀን ጀምሮ ቀልድ ትታ ነበር።

«ኮሌጆ አትሄድም» አለች። «ያጠፋነው እኛ ነን፣ እኛ እንይዛታለን። እንከፋፈላት።»

«እኔ ሐሙስ ሐሙስ እይዛታለሁ» አለች አበራሽ።

ለተንኪኤል የምትባል ከአስመራ የመጣች በዕድሜ ጠና ያለች ሴት ነበረች፤ እሷም ፊሳ ናት። «እኔም ሐሙስ እችላለሁ» አለች።

«እኔ እንኳ...» ብላ ጀመረች እልፍነሽ፤ በጣቷ ቆጠረችና አቆመች። «ሐሙስ።»

መጀመሪያ የሳቀችው ዘርፈሽዋል ናት።

«ልጄ በሳምንት አራት ሐሙስ አገኘች!» አለች። «ሐሙስ እኮ እኔም ነፃ ነኝ፣ እናንተ!»

ሁሉም ሳቁ። እስኪያነቡ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁ ቆሞ ማንባቱ ብቻ ቀረ። ማርያ ቀና ብላ አየቻቸውና በጣሊያንኛ ምን እንደሚያስቅ ጠየቀች።

እኔም ያለኝን ተናግሬያለሁ። ከሐሙስ በቀር ከሰዓት በኋላ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ቢሮ ነበርኩ፤ ሚስት የለኝም፤ ሰኞና ረቡዕ ጠዋት የምትሠራውን ብትተወውና ደመወዙን ብከፍላት ለከሰዓቱ የሚፈይደው ነገር የለም። የቅጥር ሰው ላግኝላት ብል ለአራት ከሰዓት በኋላ የሚከፈለው እሷ ከምታገኘው ይበልጣል። ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮም ሄጄ ጠየቅሁ። ጸሐፊው ጨዋ ሰው ነበር፤ ፋይሉን አውጥቶ ፊርማዋን አሳየኝ።

የኮሌጆውን ቅጽ የሞላሁት ረቡዕ ጥር 22 እኔ ቤት፣ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነው። ዘርፈሽዋል ሥራዋን ጨርሳ እጇን አድርቃ ከፊቴ ተቀመጠች። ስም፣ ዕድሜ፣ የተከተበችው ክትባት። የአባት ስም። የመግቢያ ምክንያት የሚል ቦታ ነበር።

«ምን ልበል?» አልኳት።

«ሥራ በሉ።»

«ሌላ ብጽፍስ? ስለ ክፍሎቹ፣ ስለ ውሳኔው...»

«መስመሯ አንድ ናት፣ ጋሽ አምኃ።»

ሥራ ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ እስከ መቼ ይላል። ጠረጴዛውን በመዳፏ ጠረገች፤ ውጭ የአውቶቡስ ድምፅ ይሰማል።

«ባዶ ይተውት» አለችኝ።

«ባዶ ከተተወ ይመልሱታል። ቀን ይፈልጋሉ።»

ቅጹን ከእጄ ወስዳ አየችው። ማንበብ ትችላለች፤ ግን የምታነብ አትመስልም ነበር። መልሳ ሰጠችኝ።

«እስከ ሰኔ በሉት እንግዲያው።»

እስከ ሰኔ ብዬ ጻፍኩ፤ ዓመተ ምሕረቱን የሚጠይቅ ቦታ ቅጹ ላይ አልነበረም። ማርያ ከኮሌጆው የወጣችው ከዓመታት በኋላ፣ ባለፈው ጥር፣ ለእናቷ ቀብር ነው።